የጥሪው ወረቀት

ፓይን ሪጅ፣ ሚሲሲፒ
ኦገስት 19 ቀን 1996

ለልጄ ለሮስኮ፣

እንደምን ከረማችሁ? ናዲን እንዴት ናት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱንም ቢሆን የማዘው እኔ ነኝ፣ ገና አላዘዘኝም።

«ስትሰሚ ምን አልሽ?» ብለህ ለጠየቅከኝ፣ ምንም አላልኩም። ደብዳቤህን ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ ደገምኩት፣ ከዚያ በቤት ጫማዬ ሉቨርን ጋ ተሻገርኩ። «ልጄ ከዚህ ዓመት ጀምሮ የካሃባ ኮሌጅን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ማጥቃት እሱ ራሱ ሊጠራ ነው» አልኳት። «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ሲሠራ ነበር?» አትለኝም! አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጎረቤቴ ሆና፣ ጸሎቴን ሁሉ ስትሰማ ኖራ!

«ቁጭ በይ» አልኳት። በመጀመሪያው ኮሌጅ የተጋጣሚን አሰላለፍ ካርቶን ላይ እየሳልክ ልምምድ ላይ ከፍ አድርገህ ታሳይ እንደነበር ነገርኳት። በሁለተኛው እነዚያን ፊት ለፊት የሚገፋፉ፣ በሬ የሚያክሉ የመስመር ልጆች አሰለጠንክ። በሦስተኛው ዋና አሰልጣኙ ሲባረር አብረህ ተባረርክ። በአራተኛው ተቀባዮቹን ያዝክ፣ በአምስተኛው ደግሞ ተባረርክ፣ በስድስተኛው ኳስ ወርዋሪውን ሰጡህ። ሰባት ከተማ፣ ሰባት ቤት፣ ያቺ ናዲን ደግሞ አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችም። ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ያሰበውን ስታስፈጽም ነው የኖርከው። አሁን ግን በእያንዳንዱ ሙከራ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ የምትወስነው አንተ ነህ። የጥሪው ወረቀት በእጅህ ገባ። ሉቨርን ገባኝ ብላለች፤ ይግባት አይግባት እሷ ታውቃለች።

የየጨዋታውን ቪዲዮ ሰኞ ሰኞ በፖስታ ላክልኝ። ሬዲዮ ላይ የሚያወራው ሰውዬ ከኳሱ ይልቅ ስለ አየሩ ነው የሚያወራው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ፣ አባትህ ያሰለጠነውን ቡድን የጨዋታ ቁጥር የያዝኩ ሴት ነኝ፤ እርሳሴን ቀርጬ እጠብቃለሁ። ስልክ ግን አትደውልልኝ። በስልክ ትዋሻለህ፤ በወረቀት ግን ውሸት አያምርብህም።

የምትወድህ እናትህ
ሞዜል ታግርት


ካሃባ፣ አላባማ
ሴፕቴምበር 16 ቀን 1996

እማዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ ቤተ ክርስቲያን አግኝተናል። ናዲን ደግሞ አንድ ነገር ፈጥራለች፦ ባሸነፍን ቁጥር ጭነን ካመጣነው ዕቃ አንድ ካርቶን ብቻ ነው የምትፈታው። እስካሁን ሁለት ካርቶን ተፈቷል፤ ድስትና አንሶላ አለን። ሹካ ለማግኘት የፊታችን ቅዳሜ ማሸነፍ አለብኝ።

አልፈራሁም ብዬ አልዋሽሽም። በመጀመሪያው ጥሪ ላይ ወረቀቱን ይዣለሁ፣ ዘጠና ዓይነት ጥሪ ተጽፎበታል፣ አንዱም አልነበብ አለኝ። ዋና አሰልጣኝ ዴልሮይ አጠገቤ መጥቶ «ሰውዬ፣ ዛሬ ነው ወይስ ነገ?» አለኝ። ከዚያ አንዱን ጠራሁ፤ ስድስት ያርድ አገኘን። ሌላ ጠራሁ። እማዬ፣ የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ልነግርሽ አልችልም። አሥራ ስድስት ዓመት በሰው መኪና ኋላ ወንበር ተቀምጬ ኖሬ፣ ዛሬ መሪው በእጄ ገባ።

ኦርላንዶ ፔትዌይ የሚባል ተቀባይ አለኝ። እግሩ ነፋስ ነው፣ እጁ ግን አንዳንዴ ሳሙና ይሆናል። በሁለተኛው ጨዋታ ባዶ ሜዳ ላይ ደረቱ ላይ የመጣለትን ኳስ ጣለ። ስታዲየሙ በሙሉ ጮኸበት፣ ልጁም አንገቱን ደፋ። እኔም ቀጣዩን ጥሪ መልሼ ለእሱ ሰጠሁት። ያዘው! ሃያ ሁለት ያርድ። ቪዲዮው ላይ ታይዋለሽ።

ልጅሽ ሮስኮ


ሴፕቴምበር 23 ቀን 1996

ሮስኮ ልጄ፣

ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየሁት። ሦስተኛው ለሥራ ሳይሆን ለደስታዬ ነው።

ያንን ፔትዌይን መልሰህ ስታምነው አንጀቴን አራስከው። አባትህ ቢሆን ወንበር ላይ አስቀምጦት እስከ ገና አያስነሳውም ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ይህን ደግነት ከማን እንደወሰድከው አውቃለሁ፤ ለጊዜው አልናገርም። እንዲሁ ቀጥል፣ አትለውጠው።

ባለፈው ቅዳሜ እንደተሸነፋችሁ ሬዲዮው ነግሮኛል። አንድ ሽንፈት ሰው አይገድልም። ናዲንን ሹካውን አውጪው በላት፤ በእጅ መብላት ሊለምድባችሁ ነው።

እናትህ


ኦክቶበር 7 ቀን 1996

እማዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ትወስጃለሽ? እኛ ሁላችንም ሰላም ነን። ያው እንደሰማሽው በተከታታይ ሁለት ተሸነፍን፣ ባለፈው ቅዳሜ ግን አሸነፍን፣ ስለዚህ ሹካው ወጥቷል። ሁሉም በጎ ነው። ሥራ ስለበዛብኝ ነው ያሳጠርኩት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቪዲዮዎቹን አንድ ላይ ልኬያለሁ፤ ማየት ካደከመሽ የመጨረሻውን ተይው።

ሮስኮ


ኦክቶበር 14 ቀን 1996

ሮስኮ፣

ጉልበቴ ደህና ነው። ስለ ጉልበቴ ሁለት ጥያቄ ስትደረድር ነው የጠረጠርኩህ።

የመጨረሻውን ቪዲዮ ተይው ያልከኝን መጀመሪያ አየሁት። እንኳን ደስ አላችሁ፣ አሸንፋችኋል። ነገር ግን ያንን ጨዋታ የጠራኸው አንተ አይደለህም።

አትከራከረኝ። ፔትዌይ በሁለተኛው ሩብ ኳስ ጣለ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዕረፍት አንድም ኳስ ወደ እሱ አልተላከም። ሦስት ሙከራ ቀርቶ አንድ ያርድ ሲጎድል ሦስቱንም ጊዜ መሐል ለመሐል ሮጡ፤ አንተ በሕይወትህ መሐል ለመሐል ሦስት ጊዜ አስሩጠህ አታውቅም፣ አሰልቺ ነው ትላለህ። ያንን ጨዋታ የጠራው ጥንቁቅ፣ ፈሪና ዕድሜው የገፋ ሰው ነው። ጥሪም እንደ እጅ ጽሑፍ ባለቤቱን ያሳብቃል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የፈተና ወረቀት ሳርም ማን ከማን እንደቀዳ ሳልይዝ ቀርቼ አላውቅም።

ማነው የጠራው? ወረቀቱስ የት ነው?

እናትህ


ኦክቶበር 19 ቀን 1996

እማዬ፣

ይቅር በዪኝ። ዴልሮይ ነው።

ሁለተኛውን ከተሸነፍን በኋላ እሑድ ቢሮው ጠራኝና «ሮስኮ፣ ጎበዝ ነህ፣ ግን ተጋጣሚዎቻችን ጥሪህን አስቀድመው ያነቡብሃል» አለኝ። ከየት ነው የሚያነቡኝ ብዬ ጠየቅኩት። «እሱን ባውቅ ወረቀቱን አልወስድብህም ነበር» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በዚህ ዓመት ካልቀናው እሱም እንደሚባረር ያውቃል፣ እሱ ሲባረር ደግሞ ሁላችንም። አሁን ጆሮ ማዳመጫውን አጥልቄ ቆሜ የሚለኝን በእጅ ምልክት ለልጆቹ አስተላልፋለሁ። አፍ ሆኛለሁ እንጂ ራስ አይደለሁም።

ቪዲዮውን ሃያ ጊዜ አየሁት። እማዬ፣ እኛ እኮ የሌላውን ቡድን ልማድ እስከ ጫማ ማሰሪያው ድረስ የምናጠና ሰዎች ነን፤ የራሴን ማየት ግን አቃተኝ።

የፓይን ሪጁ ርዕሰ መምህር ጽፎልኛል። በአባዬ ስም በተሰየመው ሜዳ ላይ የእኛን ትምህርት ቤት ቡድን እንዳሰለጥን ይፈልጋል። መምጣቴ ሳይሻል አይቀርም። አንቺስ ምን ትያለሽ? አሥራ ስድስት ዓመት የጠበቅኩትን ነገር አራት ጨዋታ ብቻ ይዤው ከእጄ ወጣ፤ አፍሬአለሁ፤ ላንቺ መጻፉ ነው የከበደኝ።

ሮስኮ


ኦክቶበር 23 ቀን 1996

ሮስኮ ልጄ፣

አትመጣም። ለርዕሰ መምህሩ እኔው ነግሬዋለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ገበያ ሳገኘው።

አሁን ቁጭ ብለህ አንብብ። አንተ በጠራሃቸው አራት ጨዋታዎች ልጆችህ አሥራ ስድስት ጊዜ ኳስ ጥለዋል። ከአሥራ ስድስቱ አሥራ አራቱን ጊዜ ቀጣዩን ጥሪ የሰጠኸው ለዚያው ለጣለው ልጅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ማንም አላወቀብህም። በሦስተኛው ፔትዌይ ሲጥል ሁለት ሰው ሮጦ ሄዶ አጠገቡ ቆመ። በአራተኛው የተቃራኒው አሰልጣኝ ኳሱ መሬት ሳይደርስ በጣቱ ያሳያል፤ ቪዲዮው ላይ በግራ በኩል ጥግ ላይ እየው፣ ባርኔጣ ያደረገው ነው። የሚነበበው ደግነትህ ነው።

እኔም አላየሁትም። አላየሁትም ብቻ ሳይሆን አሞግሼሃለሁ! «አትለውጠው» ብዬ ጽፌልሃለሁ፣ ያውም በቀለም። እናት ሆኜ ስላየሁት ሒሳቡን ሳልሠራ ቀረሁ። ይቅርታ።

ሌላም አለ። ያንን ልማድ ከአባትህ የወሰድከው ይመስልሃል፤ እሱ ሲጠራው እያየህ አደግክ። ሂራም መከላከል ያውቅ ነበር፤ በመከላከል በኩል አቻ አልነበረውም። ኳስ መወርወር ግን ለእሱ እንደ ኃጢአት ነበር። ከ1968 ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ የማጥቃቱን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኳስ ለጣለው ልጅ ቀጥሎ ይሰጠው ብዬ የጻፍኩትም እኔ፤ አባትህ እየተነጫነጨ ይጠራው ነበር። ያን ጊዜ ቪዲዮ የሚመረምር ስላልነበረ አልተያዝንም። ዋንጫ ያበላን የ1974ቱ የመጨረሻ ጥሪ፣ ያ በከተማው በሙሉ የሚወራለት፣ በእርሳስ የተጻፈው በእኔ እጅ ነው። ሜዳው በስሙ ሲሰየም የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አጨበጨብኩ። አልቆጨኝም። ውሸቴን ነው፣ ትንሽ ቆጭቶኛል። ይህንን ግን ለነፍስ እንዳትናገር። ሰውዬው ጥሩ ባል ነበር፣ ከሞተ በኋላ ስሙን አልነካበትም።

ልማድህን አትተወው፤ ዋሽበት። ልጁ ሲጥል ሁለት ሰው ወደ እሱ ከሮጠ፣ ሌላ ቦታ አንድ ሰው ጎድሏል። ይህ የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። የቆጠርኩትን በሠንጠረዥ ጽፌ አያይዤልሃለሁ። ለዴልሮይ ራስህ ወስደህ አሳየው፣ ቀና ብለህ።

እናትህ


ኖቬምበር 18 ቀን 1996

እማዬ፣

እንዴት ነሽ? ዝምታዬ ብዙ ሳምንት ቆየ፤ ዴልሮይ እሺ እስኪለኝ ምን ብዬ እጽፍልሻለሁ?

ሠንጠረዡን ወስጄ አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ቪዲዮውን አስከፍቶ ባለ ባርኔጣውን ሰውዬ አየና ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። «ይህን ማን ሠራው?» አለኝ። «የሒሳብ አስተማሪዬ» አልኩት፤ አልዋሸሁም። «አስተማሪህ ሥራ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቅልኝ» አለ። ወረቀቱን ግን ወዲያው አልሰጠኝም። ልምምድ ላይ ብቻ ጥራ አለኝ፤ ሦስት ሳምንት ልምምድ ላይ ጠራሁ። ትናንት መጥቶ የቅዳሜውን፣ የመጨረሻውን፣ ከቶምስቦሮ ጋር ያለብንን ጨዋታ ሰጠኝ። «ከተሸነፍን ሁላችንም ዕቃችንን እንጭናለን። እኔ ስጠራ የምንሸነፍ መሰለኝ» አለኝ። ይህን ለማለት ሰውዬው ምን ያህል እንደከበደው አየሁ።

ማጥመጃ እንደሚሆን ለፔትዌይ ነግሬዋለሁ። «አሰልጣኝ፣ ሆን ብዬ ልጣል ማለት ነው?» አለኝ። «አይ፣ አንተ ሳትለመንም ትጥላለህ» አልኩት። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፣ እሱ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ስለ አባዬ የጻፍሽውን አሥር ጊዜ አነበብኩት።

ሮስኮ


ኖቬምበር 24 ቀን 1996

ሮስኮ ልጄ፣ የእኔ ልጅ፣

ድምፄ የለም። እንኳን ደብዳቤ ተፈጠረ።

በቴሌቪዥን እንደሚተላለፍ ሲነገር ሉቨርን ኬክ ይዛ መጣች፤ ኬኩን የቀመሰው የለም። አራተኛው ሩብ ላይ ፔትዌይ ሲጥል «አይ ልጄ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ግን በዚህ ጉልበቴ ብድግ አልኩ። «አሁን! አሁን!» እያልኩ ነው፤ እሷ አበደች ብላለች። ሁለቱ ወደ ፔትዌይ ሲሮጡ አየሁ፣ ያ ሌላው ረጅሙ ተቀባይህ በዚያኛው ዳር ብቻውን ቆሞ አየሁት። ኳሱ ገና በአየር ላይ እያለ አለቀስኩ።

ሰው ከአፌ ሲሰማው ስለማልወድ ጽፌ ልጨርሰው፦ ኮርቼብሃለሁ። ስላሸነፍክ አይደለም፣ ደህና፣ ስላሸነፍክም ነው። ግን ኳሱን የጣለው ፔትዌይ ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳው ዳር ሲመለስ አንተ እጅህን ትከሻው ላይ አድርገህ አንድ ነገር ስትለው ካሜራው አሳይቶሃል። አንተን አልለወጡህም። የምኮራው በእሱ ነው።

እናትህ


ኖቬምበር 27 ቀን 1996

እማዬ፣

ጋዜጣ ላይ አንብበሽው ከሆነ፣ እውነት ነው። እሑድ ጠዋት ዴልሮይን አሰናበቱት። ውሳኔው ከጨዋታው በፊት ያለቀ ነበር አሉ። እኛም አብረን ወጣን። ዴልሮይ ሲሰናበተኝ አቅፎኝ «ቢያንስ አንዴ ትክክለኛውን ሰው አስጠርቻለሁ» አለኝ። ናዲን ካርቶኖቹን መልሳ እያሰረች ነው፤ አምስት ብቻ ስለተፈቱ ቶሎ አለቀላት። እየዘፈነች ነው የምታስረው፣ ይገርምሻል።

ለፔትዌይ ምን አልከው ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም፦ «ሁለት ሰው ይዘህልኛል፣ አመሰግናለሁ» ነው ያልኩት።

ሁለት ቦታ ይፈልጉኛል። ጆርጂያ ውስጥ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ተቀባዮችን አሰልጥን ይለኛል፤ ሰማንያ ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም፣ ወረቀቱ ግን የሌላ ሰው ነው። አርካንሳ ውስጥ ደግሞ አንድ ትንሽ ኮሌጅ አለ፤ ዋና አሰልጣኙ ሜሪዌዘር ይባላል። ወረቀቱን ሊሰጠኝም ላይሰጠኝም ይችላል፤ ገና አልወሰነም። መጀመሪያ ማጥቃትን ያስተማረኝን ሰው ማነጋገር ይፈልጋል። እኔ የምፈልገው አርካንሳን ነው፣ ከነወረቀቱ።

አሁን ተቆጪኝ። የማመልከቻው ቅጽ ላይ፣ ያስተማረኝን ሰው ስም የምሞላበት ቦታ፣ ሂራም ታግርት ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሁልጊዜ የምጽፈው እሱን ነው፣ በሕይወት የለም ብዬ። እጄ እምቢ አለኝ። ሞዜል ብራኖን ብዬ ጻፍኩ፣ ከጋብቻሽ በፊት በነበረው በራስሽ ስም፤ ከሥሩም የስልክ ቁጥርሽን። እናቴ ናት አላልኩትም። ለነፍስ አትናገር ብለሽኝ ነበር። አልተናገርኩም፣ ጻፍኩት እንጂ። ከደወለልሽ የሚመስልሽን በዪው፤ ሳላስፈቅድሽ ያደረግኩት ነውና ብትክጂኝም አልቀየምሽም።

ልጅሽ ሮስኮ


ዲሴምበር 11 ቀን 1996

ሮስኮ፣

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ሁለት ቀን ተቆጣሁ። ለመልስ ብዕር ሳላነሳ ሦስተኛው ቀን ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ወይዘሪት ብራኖን?» አለ አንድ ሰው። ተሳስተዋል ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ ስም ከተጠራሁ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። «ነኝ» አልኩት።

ሜሪዌዘር አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቀኝ። ቀልድ የማያውቅ ሰው ይመስላል፣ ሥራውን ግን ያውቃል። ሦስተኛ ሙከራ ላይ ምን ይጠራል፣ ሲመራ ምን ያደርጋል፣ ሲበለጥስ ይፈራል ወይ፤ ሁሉንም መለስኩለት። «ድክመቱን ይንገሩኝ» አለኝ። «ሩኅሩኅ ነው። ይነበብበት ነበር፤ አሁን ሌላውን ያጠምድበታል። ደግሞ መሐል ለመሐል መሮጥ ይንቃል፣ እሱን ይቆንጥጡልኝ» አልኩት። «ወረቀቱን ልስጠው?» አለኝ። «ካልሰጡት አይውሰዱት ጌታዬ፤ ግማሽ ሰው ነው የሚደርስዎት» አልኩት።

ልንሰነባበት ስንል «የፓይን ሪጅ ሰው ነዎት አይደል?» አለኝ። «በ1974 የመጨረሻውን ጥሪ ልጅ ሆኜ ሜዳ ገብቼ አይቼዋለሁ። አሰልጣኝ የሆንኩት በዚያ ቀን ነው። የሂራም ታግርት ጥሪ ነበር፤ እሱን ያውቁት ነበር?»

ሮስኮ፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የሂራም ነው ብዬ ብዘጋው አንተ ቅጹ ላይ ውሸታም ልትሆን ነው፤ ወረቀቱም ይቀርብሃል። የኔ ነው ካልኩ ደግሞ ሰውዬዬን መቃብር ድረስ ሄጄ ልቀማው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ጥርሴን ነክሼበታለሁ። የሂራም ፎቶ እዚያው ከስልኩ በላይ ነው ያለው። አየሁት። እሱ ቢሆን ለልጁ ሲል ምን እንደሚል አውቀዋለሁ፤ እየተነጫነጨ ይናገረው ነበር።

«የጠራው ሂራም ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሂራም ባሌ ነበር፤ ሮስኮም ልጄ ነው» አልኩት።

ከዚያ «እመቤቴ፣ እንግዲያው ወረቀቱን ከቤታችሁ ማን ሊያወጣው ነው?» አለኝ።

ወረቀቱን ሊሰጥህ ሰኞ ይደውልልሃል። በአንደኛው ጥሪ አንሳው፣ አትኩራ፤ መኩራቱን ለእኔ ተውልኝ።

እናትህ
ሞዜል ብራኖን ታግርት